ከሥዕሏ ሥር ያደሩ ቅጽሎች

«ከረንት አድሬስ» የሚል መስመር ያለበት ቅጽ በቀረበልኝ ቁጥር አማትባለሁ። አሁን በምኖርበት አገር ደግሞ ያለ ቅጽ የሚሆን ነገር ስለሌለ፣ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳላማትብ አልቀርም። በመስኮቱ ወዲያ የተቀመጡት ሴቶች አድራሻዬ ያስጨነቀኝ ይመስላቸዋል። አንዷ እንዲያውም አዝና፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሞላ ሌላ ቅጽ ጨመረችልኝ። አድራሻዬስ ደህና ነው፣ እመቤቴ ትመስገን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከፊቱ ያለው ቅጽል ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ሳለሁ ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ በአንዲት የቀበሌ ቤት ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። መሥሪያ ቤቴም ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ የሸማኔውንና የሸክላ ሠሪዋን ሥራ ለውጭ አገር ሰዎች የሚያስተዋውቅ አንድ የመንግሥት ቢሮ። እኔ የገባሁት በእንግሊዝኛ ታይፒስትነትና ተርጓሚነት፣ በሙከራ ነበር። ከእኔ በፊት በዚያች ወንበር የተቀመጡ ሁለት ልጆች የሙከራ ጊዜያቸው ሲያልቅ «እናመሰግናለን» ተብለው ተሸኝተዋል። የእኔም ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቋሚ ካልሆንኩ ጅማ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ሱቁን እንድጠብቅለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ወስኗል። እናቴ ብቻዋን ልትቀር ነው። እኔ ደግሞ ሱቅ መጠበቅ አልችልም፤ ሰው ሲከራከረኝ እውነት ይመስለኛል።

የክፍላችን ኃላፊ በንጉሡ ጊዜ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ክራቫታቸውን አውልቀዋል፤ እጃቸው ግን ነገሩን አላመነም። በተጨነቁ ቁጥር ወደ አንገታቸው ሄዶ የሌለውን ክራቫት ያስተካክላል። አንድ የማይሻር የአሠራር ደንብ ነበራቸው፦ ባለቤት የሌለው ቃል ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። አከራካሪ ቃል ከተገኘ፣ ያንን ቃል የመረጠው ሰው ከኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ ይፈርማል። እርሳቸው ራሳቸው በአንድም ቃል ጎን ፈርመው አያውቁም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለውጭ አገር ኤግዚቢሽን የተዘጋጀውን ባለ ስምንት ገጽ መጽሔት ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በአማርኛው «አሁን ያለው አብዮታዊ መንግሥታችን ለእጅ ጥበብ ባለሙያው በሰጠው ትኩረት» ብሎ ይጀምራል። «አሁን ያለው» የሚለው በቀይ ተከብቧል።

«ልጄ፣ ይህችን በምን ተረጎምሻት?»

«ከረንት ብያታለሁ፣ ጋሼ።»

«ከረንት» አሉና በሩን ዞር ብለው አዩ። «ከረንት ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?»

«አሁን ያለ፣ ጋሼ።»

«አሁን ያለ። ነገስ?»

«ስለ ነገ ቃሉ ምንም አይልም።»

«አይልማ። እኔንም ያሳሰበኝ አለማለቱ ነው።» እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። «ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። አንድ የማያነጋግር ቃል ይዘሽ ነይ። ከጎኑ ትፈርሚያለሽ። ካማረ የቋሚነትሽን ደብዳቤ ሰኞውኑ እጀምርልሻለሁ።»

«ካላማረስ፣ ጋሼ?»

«ካላማረ ፊርማው ያለው እዚያው ነው፣ ልጄ።»

እርሳቸው ሲወጡ፣ ከጎኔ የአማርኛውን የሚመቱት ነባሯ ታይፒስት ማሽናቸውን አቆሙ። ከጉራጌ አገር የመጡ ካቶሊክ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ዝም ብለው የሚሠሩ ይመስላል እንጂ ከዚያ ክፍል የሚያመልጣቸው ወሬ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው የሚፈልጉት ቃል መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ። ቃሉ ቢጣላ የሚጣላበት ሰው።»

ይህን ብለው ወደ መምታታቸው ተመለሱ። እኔም የቢሮውን መዝገበ ቃላት ፈርሜ ወስጄ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። «ከረንት» ጋ ስሄድ «ፕረዘንትን ተመልከት» ይለኛል። «ፕረዘንት» ጋ ስሄድ «ከረንት» ቀድሞኝ ቁጭ ብሏል። ልክ እንደ ቀበሌና ከፍተኛ ጽሕፈት ቤቶች ነው፤ አንዱ ወደ አንዱ ይልክሻል፣ ማኅተሙ ግን ከሁለቱም ዘንድ የለም። ስለዚህ መጽሐፉን ተውኩና ቃላቱን በሰፈሬ ልክ ላከፋፍላቸው ተነሣሁ።

«ፕረዘንት» ስሙ ሲጠራ «አለሁ» የሚል ተማሪ ነው። መገኘቱን ይናገራል፤ ከእረፍት በኋላ መመለሱን ግን ማንም አይዋስለትም። የቀበሌያችን ዘበኛ እስከ ምሳ ሰዓት ፕረዘንት ነው። መንግሥታችንን እንዲህ ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ላደርሰው አልደፈርኩም።

«ከረንት» በመሄድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ የዚህ ወር የስኳር ተራ፣ የአሁኑ የቀበሌ ሊቀ መንበር። ከእርሱ በፊት ሌላ ሊቀ መንበር ነበር፣ ከዚያም በፊት ሌላ። አሁን ያለው ደግሞ... ብዬ እዚህ ስደርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«ኮንተምፖራሪ» በአንድ ዘመን አብረው የሚኖሩ ሰዎች ነገር ነው። እናቴና የአጥር ጎረቤታችን ኮንተምፖራሪ ናቸው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸውን ስለሚደብቁ ማን ማንን እንደሚበልጥ ግን እግዜር ብቻ ያውቃል። መንግሥታችንን ኮንተምፖራሪ ካልኩት፣ «ከማን ጋር?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። የማንን ስም ልመልስ?

«ሞደርን»ን በደንብ አውቀዋለሁ። አብነት መንገድ ዳር ያለው ፀጉር አስተካካይ በቆርቆሮ ላይ አጽፎታል። ቆርቆሮው ላይ የተሳለው ሰውዬ ፀጉሩን እንዲያ የተቆረጠው እኔ ሳልወለድ ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ሞደርን ነው። ይህ ቃል ዕቃው አርጅቶም ስሙን አይለቅም። ለመንግሥት የሚስማማ መሰለኝና፣ እንግሊዝኛው ግን እንደማይፈቅድ ሳስታውስ አዘንኩ።

«ሪሰንት» የሚልም ነበር። ገና ያልበረደ፣ ግን ያለቀ ነገር፤ የትናንት ሠርግ። እርሱን ለመንግሥት ገና ሳስበው ከወረቀቴ ላይ በላጲስ አጠፋሁት፤ የላጲሱንም ፍርፋሪ ከምድጃው ጨመርኩ።

እናቴ ከጓሮ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምታወሪው? ትምህርቱ ገደለሽ?»

ነገሩን አስረዳኋት። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ አማርኛም ቢሆን የምታነበው ውዳሴ ማርያምን ነው፤ እርሱንም በቃሏ ስለምታውቀው ማንበቧን እጠራጠራለሁ። ጭንቀት ግን በማንኛውም ቋንቋ ትሰማለች።

«ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«አራት ቀርተዋል።»

«ታዲያ ዕጣ ይውጣላቸዋ።»

በእኛ ቤት እንዲህ ነበር። የሰው ምክር ያላለቀለት ነገር ሁሉ በትናንሽ ወረቀቶች ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ያድራል። በማግስቱ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ አንድ ይነሣል። እኔ የትኛው ትምህርት ቤት እንድገባ፣ እናቴ ዓይኗን በየትኛው ሐኪም እንድትታከም፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ነው የተወሰነው። ሐዋርያትስ የጎደለውን አሥራ ሁለተኛ በዕጣ አይደል የሞሉት? ሐዋርያት ቅጽል እንዳልመረጡ ባውቅም፣ ሰኞም እየቀረበች ነበር።

አራቱን ቃላት በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል በአራት ወረቀት ጻፍኳቸው። በእናቴ ትእዛዝ በእያንዳንዱ ራስ ላይ ትንሽ መስቀል አደረግሁ።

«ባዶም ጨምሪ» አለችኝ።

«ባዶ ምን ያደርጋል?»

«አንዱንም ካልወደደችውስ? መልስ የምትሰጥበት ይኑራት እንጂ። አፏን ልትይዣት ነው?»

ባዶ ወረቀት አጠፍኩና ከአራቱ ጋር ቀላቀልኩ። በእርሱም ላይ መስቀል አለበት። በማግስቱ እሑድ አስቀድሰን ተመለስን። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደገምን፤ እናቴ «አንቺው ነሽ የምትፈርሚው፣ አንቺው አንሺ» አለችኝ። አነሣሁና ከፈትኩ። ከመስቀሉ በቀር ምንም የለበትም።

«ምን አለች?»

«ዝም አለች።»

«ዝም ካለች ዝም በያ» ብላ እናቴ ቁርስ ልታቀርብ ወጣች።

ለእናቴ ቀላል ነው። ሰኞ ጠዋት ዝምታ ይዤ ኃላፊዬ ፊት ልቆም ነው? ከጓሮ የዕቃ ድምፅ እስኪሰማ ጠበቅሁ፤ «እመቤቴ፣ ጥያቄውን አላብራራሁልሽም መሰለኝ» ብዬ፣ እንደገና ተሳልሜ፣ ሌላ አነሣሁ። «ከረንት» ወጣ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስቤ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከተትኳቸውና፣ እናቴ ቁርሱን ይዛ ስትገባ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አገኘችኝ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ኃላፊያችን ብቻቸውን አልነበሩም። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ከእኔ ጠረጴዛ ጎን ቆሟል። ወጣት ነው፤ ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ። የረቡዕ የውይይት ክበባችንን የሚመራ እርሱ ስለሆነ፣ ረቡዕ ያልተናገረ ሰው ሐሙስ እርሱን ላለማግኘት በጓሮ በር ይወጣል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ጽሑፍ ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ደግሞም ቋሚ በሚሆን ሠራተኛ ደብዳቤ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የእርሱ ነው።

«ጓድ» አሉ ኃላፊያችን፣ «ቃሉን ተርጓሚያችን መርጣዋለች።»

«ምንድን ነው?»

«ከረንት፣ ጓድ» አልኩ።

«በምን መሠረት ነው የመረጥሽው፣ ጓዲት?»

«ከመዝገበ ቃላቱ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ወረቀቶቹም እዚያው ነበሩ።

«እስቲ አሳዪኝ» ብሎ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደና በአንድ እጁ ከፈተው። አምስቱም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። እትዬ ማሽናቸውን አቆሙ። የኃላፊያችን እጅ ወደ አንገታቸው ሄዶ እዚያው ቀረ።

ካድሬው አንዷን ገለጠ፤ ሌላዋንም። ጎን ለጎን ደረደራቸው። ከፊቱ አምስት ትናንሽ ወረቀት፣ በእያንዳንዱ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር የመንግሥት ቅጽል። አሁን ሳስበው በሰውየው አልፈርድም።

«ድምፅ የተሰጠበት ነው?» አለ። «ስንት ሰው ነው የመረጠው?»

«ማንም አልመረጠም፣ ጓድ።»

«ምልክት ተደርጎበታል። ባዶም አለበት። ድምፀ ተዓቅቦ ነው ይሄ?»

«ጓድ፣ የልጆች ጨዋታ ነው» አሉ እትዬ። «እኔም ልጅ ሳለሁ...»

«እርስዎን አልጠየቅሁም።»

መዋሸት ቢሆንልኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት እዋሽ ነበር። «ዕጣ ነው» አልኩ። «ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አድሮ የወጣ።»

ካድሬው ሄዶ በሩን ዘጋው። ጅማ የአጎቴ ሱቅ ከነመደርደሪያው፣ ከነሳሙናው ታየኝ። ካድሬው ተመልሶ ወረቀቶቹን እንደገና አያቸው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሳትበዪ ነው ያወጣሽው?»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። «አዎ፣ ጓድ።»

«ምን ደግመሽ?»

«የእሑዱን ውዳሴ ማርያም።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊያችን ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እትዬ፣ እትዬ ወደ ጣሪያው አየን። ይህ በየረቡዑ እምነትን እንደ ጉንፋን የሚቆጥርብን ሰው፣ አንድ ጊዜ የሆነ ደብር ውስጥ መቋሚያ ይዞ የቆመ ልጅ መሆኑ ለሁላችንም በአንድ ቅጽበት ነው የገባን።

«እና ከረንት ወጣ» አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ በደንብ የጠየቀኝን ሰው ማታለል ከበደኝ።

«ከረንት የወጣው በሁለተኛው ነው፣ ጓድ።»

«ሁለተኛ?»

«መጀመሪያ ባዶው ነበር የወጣው።»

መዝገበ ቃላቱን ዘጋው፤ ድምፁ ሁላችንንም አስደነገጠን። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲናገር እንኳ።

«ጓዲት፣ ሁለተኛ ዕጣ የሚባል ነገር የለም። ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም። ቸኩዬ ነው።»

«ባዶ ከወጣ ባዶ ነው» አለ። ከዚያ የመጽሔቱን ገጽ አንሥቶ ትንሽ አሰበ፣ ሄዶ በሩን መልሶ ከፈተው፣ ኮሪደሩ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አብዮታዊ መንግሥታችን በጊዜ የሚገደብ አይደለም! ስለዚህ ቅጽል አያስፈልገውም። ይውጣ። አብዮታዊ መንግሥታችን፣ ነጥብ።» በቀይ እስክሪብቶው ከረንትን ሰረዛት። ሲወጣ አምስቱን ወረቀቶች ለእኔ መለሰልኝ፤ አላጨማደዳቸውም፣ አንድ በአንድ አጥፎ ነው የሰጠኝ።

ኃላፊያችን ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ ያለ የማያነጋግር ቃል በዘመናቸው አላጋጠማቸውም። ደንባቸውን ግን አልረሱም፤ ቀይ እርሳሱን ሰጡኝ።

«የት ልፈርም፣ ጋሼ? ቃሉ እኮ የለም።»

«ከሌለበት ቦታ ጎን።»

ፈረምኩ። እትዬ መምታታቸውን እየቀጠሉ፣ «እናንተ ኦርቶዶክሶች እመቤታችንን እንግሊዝኛ ልታስፈትኗት ስትነሡ፣ እርሷ ወረቀቱን ባዶ መልሳ ከሁላችሁም በለጠች» አሉኝ።

ኃላፊዬ ቃላቸውን ጠበቁ። የቋሚነቴ ደብዳቤ ሰኞውኑ ተመታ፤ እኔው ነኝ የመታሁት። እርሳቸው ፈረሙ፣ ሠራተኛ አስተዳደር ፈረመ፣ ደብዳቤው ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ገባና እዚያው ቀረ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሌላም ሳምንት አለፈ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። አጎቴ ለመደርደሪያው አዲስ ቀለም መቀባቱን ጽፎልናል።

ሐሙስ ዕለት ካድሬው አስጠራኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ ሥር ነበር። አልተፈረመም። በሩን ዘጋ፤ ከኪሱ ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣ።

«ለአንድ የግል ጉዳይ ነው» አለ። «እኔ ባለሁበት ሥዕል ማስቀመጥ አይቻልም። አንዱን አውጥተሽ ሰኞ አምጪልኝ። ሳትከፍቺው።»

«እሺ፣ ጓድ።»

«በመጀመሪያው የወጣውን።»

«በመጀመሪያው የወጣውን» አልኩ። ስለ ደብዳቤው እርሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ሁለታችንም ግን በየመሃሉ እናየው ነበር።

እሑድ በሥርዓቱ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሳንቀምስ፣ ሙሉውን ደግመን። በዚህኛው ያነሣችው እናቴ ናት፤ በእኔ እጅ እምነት አልነበራትም። የወጣውን እንደታጠፈ በመሐረብ ቋጠረችልኝና፣ «የቀሩትን ሁለቱን ሳትከፍቺ አቃጥያቸው፤ የሰው ምስጢር ነው» ብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

ምድጃው ፊት ተቀመጥኩ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሥርዓቱ በትክክል መፈጸሙን፣ ባዶ መጨመሩን፣ መስቀሉ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። በሚያምር የቁም ጽሕፈት፣ ከመስቀል ሥር፣ «ሂድ» ይላል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። «ሂድ» ይላል። ባዶ አልነበረም። ለእኔ ሁለተኛ ዕጣ የከለከለኝ ሰው፣ ለእመቤታችን ሁለተኛ መልስ ከልክሏታል። ሁለቱንም አቃጠልኳቸውና እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ሰኞ ጠዋት መሐረቡን ይዤ ገባሁ።

«አልከፈትሽውም?»

«ይህንን አልከፈትኩትም፣ ጓድ» አልኩ፤ ይህ ቃል በቃል እውነት ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሮ ወረቀቱን ከፈተው። ሲመለስ ፊቱ ላይ የሚያውቀውን ወሬ ከሌላ ሰው ሰምቶ የሚደነቅ ሰው ዓይነት ነገር ነበር። ወረቀቱን እንደገና አጥፎ ከሦስቱ እስክሪብቶዎች ጀርባ አስገባው። ከዚያ አረንጓዴውን መዞ፣ ሳይቀመጥ፣ ደብዳቤዬ ላይ ፈረመ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጓዲት። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነሽ።»

«መልካም መንገድ» የሚለው ከንፈሬ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ እጅ ነሥቼ፣ ቀለሙ እንዳይነካካ ከልብሴ አርቄ ይዤው ወጣሁ።